ሸማኔዋ ጎረቤታችን

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በስደት አገር፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር ብቻችንን ነበር የምንኖረው። እሷ ሬክስዴል ሰፈር ካለ ፋብሪካ የከሰዓት ሺፍት ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚያቆዩኝ ጎረቤታችን ፒ ሱንግ ነበሩ። ከበርማ ተራሮች የመጡ የቺን ብሔረሰብ ሴት ናቸው፤ «ፒ» እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው።

የሚተዳደሩት በሽመና ነበር። የድሩን አንድ ጫፍ ሳሎናቸው ካለው የማሞቂያ ቧንቧ ላይ፣ ሌላውን በሰፊ የቆዳ ቀበቶ ወገባቸው ላይ ያስሩና ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ወደኋላ ለጠጥ ሲሉ ድሩ ይወጠራል፤ ከተነሡ ይረግባል። ስለዚህ ክር የማቀብለው፣ ስልክ የማነሣው እኔ ነበርኩ። ቤታቸው የተቀቀለ በቆሎና የአዲስ ክር ሽታ ነበረው። እናቴ «ሴት ሸማኔ! የኛ አገር ወንዶች ይህን ባዩ» እያለች ትስቃለች።

አንድ ቀን ለሙሽራ የሚሆን ቀይ ልብስ ጀምረው ሳለ በር ተንኳኳና ቀበቶውን ፈተው ተነሡ። እኔም ላግዝ ብዬ፣ በድሩ መሃል የተጋደመችውን ቀጭን ዘንግ መዘዝኳት። ትርፍ እንጨት መስላኝ። ለካ የላዩን ክር ከታቹ የምትለየው እሷ ኖራለች፤ ሁሉም ተደበላለቀ። ሠርጉ በሳምንቱ ነበር። ፒ ሱንግ አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አድርገው ክሩን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር።

እናቴ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝና፣ «ከእንግዲህ የሰው እንጀራ አታበላሺም!» ብላ የቤታችንን ቁልፍ አንገቴ ላይ አሠረችልኝ።

እነዚያ ከሰዓቶች እንዴት ረጅም ነበሩ! ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ፒ ሱንግ ክሩን ሲመቱ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል እሰማለሁ። የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ልጃቸው ወዳለበት ከተማ ሄዱ፤ ስንብታቸውንም ከመስኮት ነው ያየሁት።

አምና እናቴ በስልክ ስናወራ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ነገረችኝ። ፒ ሱንግ ልብሱን ለሠርጉ ካደረሱ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥተው፣ «ልጅቷን ላኪልኝ፤ ብቻዬን ስቀመጥ ቀኑ አልመሽ አለኝ» ብለዋት ነበር።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«አይ፣ ዲስተርብ ታደርግዎታለች አልኳቸዋ! ሦስተኛ ቢጠይቁኝ እሺ ልል ነበር እኮ። ሰው ትንሽ ካልተግደረደረ ምን ይባላል?»

በፒ ሱንግ ዘንድ ግን እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነበር። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ይህን ያህል ሴት ሆኜ።

አሁን እዚያው ከተማ፣ ብሉር ጎዳና አጠገብ ብቻዬን እኖራለሁ። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ሰው እንዳለ እሰማ ነበር፤ የዛሬው ግድግዳ ድምፅ አያሳልፍም። አርብ አርብ የሥራ ባልደረቦቼ ራት አብረን እንብላ ይሉኛል። «አይ፣ ግድ የለም፣ እናንተ ሂዱ» እላለሁ፤ ኮቴን ለብሼ፣ ደግመው እስኪለምኑኝ እየጠበቅኩ። «ኦኬ፣ ሲ ዩ መንዴይ» ብለውኝ ይሄዳሉ።