መርሳ የነበረው ሰርቨር

ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠገንኩትን ሁሉ በስልኬ እየቀረጽኩ፣ በአማርኛ እያስረዳሁ፣ አንድ ትልቅ የኢንተርኔት መድረክ ላይ በከፈትኩት ገጽ ስጭን ኖርኩ። ተከታይ ሲበዛልኝ ልቤ አበጠ።

የሙያው ሰዎች የምናወራበት የቻት ግሩፕም ነበረን። የሃርድ ዲስክ ወሬው፣ የትኛው ስልክ ይሻላል ክርክሩ አያልቅም። ስሙን የማይጽፍ፣ የምኖረው መርሳ ከተማ ነው የሚል አንድ አባል ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ቤቴ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮዎቻችንን የምናስቀምጥበት የራሳችንን ሰርቨር ከፍቻለሁ። ባለቤቱ እኛው ነን። ሌላ ከተማ ያሉም የራሳቸውን ከፍተው ከኛ ጋር ይገናኛሉ። አንተም ትምህርቶችህን አምጣቸው። በሰው መሬት ላይ የሠራኸውን ቤት ባለመሬቱ በፈለገ ቀን ያፈርስብሃል።»

እኔ ምን ብዬ መለስኩ? «አንተ ጩጬ፣ መርሳ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛም ልንጠፋ ነው?»

ግሩፑ በሳቅ ተጥለቀለቀ። ሳቁ ጣመኝና ሳምንቱን ሙሉ አላገጥኩበት። ማንም አልሄደለትም። ቆይቶ እሱም ከግሩፑ ወጣ።

ከዓመት በኋላ አንድ ጠዋት ገጼ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ደንብ ጥሰሃል ይላል፤ የትኛውን እንደሆነ አይልም። አቤት ብል የሚመልስልኝ ማሽን ነው፤ ያንኑ ቃል ይደግማል። ቪዲዮዎቹን ደግሞ ስልኬ እየሞላ ሲያስቸግረኝ አጥፍቻቸው ነበር።

ትምህርቶችህን አምጣ ያለኝ ያ የመርሳው ሰው ምናልባት ገልብጧቸው ይሆን ብዬ በግል ጻፍኩለት። ቤቱን ጠቆመኝ፤ በሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ጺማቸው የሸበተ ጡረተኛ የሂሳብ መምህር ነበሩ። አባቴን በዕድሜ ይበልጣሉ። ጩጬ ያልኩት እኚህን ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ግባ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«መምህር፣ አንቱ መሆንዎን አላወቅሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

«ብታውቅ ለሽበቴ ስትል ዝም ትል ነበር። መምጣቱን ግን አትመጣም ነበር» አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም።

ስለ ትምህርቶቹ ጠየቅኋቸው።

«ሁሉንም ገልብጬ አስቀምጬልህ ነበር። ስድስት ወር ጠበቅሁ። ሰው ሲጠፋ ደመሰስኩትና ኮምፒውተሩን ግራና ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ሰጠሁ። ከመደምሰሴ በፊት ቅጂውን ትወስድ እንደሆነ ብዬ በገጽህ በኩል ጽፌልህ ነበር እኮ።»

አስታወስኩ። ላኪውን አይቼ፣ እንደገና ሊጨቀጭቀኝ ነው ብዬ ሳልከፍት ያለፍኩት መልእክት ነበር።

ምሳ ብላ ብለው ለመኑኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ።

አሁን አዲስ ገጽ አለኝ፤ እዚያው መድረክ ላይ። ተማሪዎቹ ያሉት እዚያ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የመምህሩን ስልክ ይዣለሁ፤ እስከ ዛሬ አልደወልኩም። ደውዬስ ምን እላቸዋለሁ?