ያልተመረቀችው ብልቃጥ

ያኔ ቦሌ ፎቅ አልወረራትም ነበር፤ እኛም ሰፊ ግቢ ነበረን። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውሮፕላን ማረፊያው ጥገና ክፍል ነው የሠራው። እኔ በተወለድኩ ሳምንት አጥሩ ጥግ አንዲት ፕሪም ተከለ። ፍሬዋ ማር ነበር፣ ማር! ደርግ ከወረደ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ የአጥራችሁ ጥግ ይነካል ተባልን። አባዬ ሄዶ ከፕሪሟ ሥር ተቀመጠ።

እኔ ያን ጊዜ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ሥራችን ለፍራፍሬ ዛፍ ሥር የሚሆነውን ተክል በብልቃጥ ማባዛት ነው። ጥፍር የምታክል ጫፍ ቆርጠን፣ ቀዝቅዞ እንደረጋ አጥሚት ባለ ምግብ ላይ እንተክላታለን፤ ትበዛለች፣ ሥር ታወጣለች። ስትጠነክር የፈለጉት ዛፍ ቅርንጫፍ ይቀጠልባታል። የአባዬን ፕሪም ለማትረፍ የታየኝ መንገድ ይኸው ነበር። ኃላፊዬን ለምኜ ለምኜ ስድስት ብልቃጥ ሰጠኝ። ሌላ አልነበረውም።

አባዬ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ወሰድኩት። አቤት ሲጠነቀቅ! ጫማውን አወለቀ፣ ጋዋን ለበሰ፣ እጁን በአልኮል ሁለቴ አሸ። አሁንም ጠንቀቅ በል ስለው "አውሮፕላን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ቆሻሻ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" ብሎ ተቆጣኝ። ቡቃያዎቹን ወደ አዲስ ምግብ ላዛውር አምስቱን ብልቃጥ ከፈትኩ። ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እደጉ! ተመንደጉ!" አለና፣ እንትፍ! እንትፍ!

ወይ ጉዴ! ትልቅ ሰው ሲመርቅ እንትፍ ይላል፤ ምን ይባላል? "አሜን" አልኩ።

በአራተኛው ቀን አምስቱም ሻገቱ። ስድስተኛዋ የተረፈችው ክዳኗ ስላልተነሳ ነው። ማታ ቤት ስገባ "መብራት ጠፍቶ አምስቱ ሞቱብን" አልኩት። አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

ያቺ አንዷ ሥር አወጣች፣ አፈር ለመደች፣ ውፍረቷ እርሳስ አከለ። ግሬደሩ ሳይደርስ ከአሮጊቷ ፕሪም ቅርንጫፍ ቆርጠን ቀጠልንባትና ጓሮ ተከልናት። አሮጊቷ ስትወድቅ አባዬ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ልጅቷ ፕሪም ባፈራች ጊዜ ግን አባዬን ማን ይቻለው! "ይቺ የምርቃቴ ናት!" እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አደለ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ፤ ያልመረቃት እሷን ብቻ ነበርና።

አንድ ቀን ከሰዓት ከሥሯ ተቀምጠን ፍሬዋን ስንበላ "ልጄ" አለኝ፣ "መብራት አልጠፋም ነበር።"

ክው አልኩ።

"እጄን ሁለቴ ታጥቤ አፌን ረሳሁት። ገና ከበሩ ሳልወጣ ነው የገባኝ። አንቺ ግን አሜን አልሽኝ።"

"ታዲያ የምርቃቴ ናት እያልክ የምታወራውስ?"

"ውሸቱን ብቻሽን እንዳትሸከሚው ብዬ ነዋ!"

ራሴን በሁለት እጁ ይዞ መረቀኝ። እንትፉ ግንባሬ ላይ አረፈ፤ አልጠረግኩትም። አሁን አባዬ የለም። ፕሪሟ ባፈራች ቁጥር ያንን ቦታ በእጄ እነካዋለሁ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንትፍ ቢለኝ ምን ነበረበት!