በተገለበጠ መጽሐፍ

ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ፣ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ባለው ቤታችን ልጆቼን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስተምር ነበር። ታላቁ ልጄ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያነብ ትንሿ እህቱ ትዊላ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ በዓይኗ ትከተለዋለች። ሰባት ዓመት ሞልቷት እንኳ መጽሐፉን ስሰጣት አንድ ቃል አይወጣትም።

«በቃኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች» አልኳት በቤተ ክርስቲያን እህት የምንላትን ጎረቤቴን ኦርሊንን፣ ቤቴ በመጣች ቀን። እሷም የራሷን ልጆች እቤት ያስተማረች ናት።

«ልጅቷ ሁልጊዜ እዚህኛው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው?» ብላ ያላነበብነውን ገጽ ገለጠችና መጽሐፉን ላዩን ወደ ታች አዙራ ትዊላ ፊት አስቀመጠችው። ትዊላ አንበለበለችው።

«አንቺ ሞኝ! ልጅቷ እኮ ማንበብ ተምራለች፤ ከወንድሟ ማዶ ሆና ፊደሉን ተገልብጦ እያየች ነው እንጂ!» አለችኝ ኦርሊን።

ሰኞ አውቶቡሱ ትዊላን ሳይጭን አለፈ።

ልጆቹ ዛሬ አድገው ከቤት ወጥተዋል። አንዳንዴ በትዊላ ወንበር ተቀምጬ፣ መጽሐፉን ገልብጬ ለማንበብ እሞክራለሁ፤ እኔን ግን እምቢ ይለኛል።