ከታመመ እጅ የወጣ ልክ

ወንድሜ ወንበር የሚሠራው ለቤት ሳይሆን ለሰው ነበር። አናጢው አባታችን ቁጥር ስለማያነብ በስንዝር ይለካ ነበር፤ እናታችን ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከእሱ ስንዝሩን፣ ከእሷ የልክ ደብተሩን ወረሰ። ደንበኛውን ቁጭ ያደርገውና ከተረከዝ እስከ ጉልበት በእጁ ለክቶ "ሁለት ስንዝር ከሁለት ጣት" ብሎ ይጽፋል። የሠፈሩ ሰው ቅልጥም በሙሉ እዚያ ደብተር ውስጥ አለ። ሜትር ግዛ ስለው "ሜትር ለግድግዳ ነው" ይለኛል። ግትር ነው፤ ቫርኒሽ ቀቢዋ እኔም ከእሱ አልሻልም።

አምና ቀኝ ጎኑን ስትሮክ መታው። ተመስገን፣ ተነሳ፤ መጋዙንም ያዘ። ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልከፈት አሉ፤ ስንዝሩ በአንድ ጣት ያህል አጠረ። አዲስ ደንበኛ ወደ መደብር መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። የሚመጡት የድሮዎቹ ናቸው፣ የእነሱን ልክ ደግሞ ከደብተሩ ያወጣል። በጤነኛ እጅ የተጻፈውን በታመመ እጅ ይቆርጠዋል ማለት ነው፤ ወንበሩም ያጥራል። እሱ አላወቀም። እኔ ግን አውቄ አልነገርኩትም። ከአሮጌ ጎማ እየቆረጥኩ የወንበሮቹ እግሮች ሥር ለጠፍኩ፤ ሲጠይቀኝ "ወለል እንዳይቧጭር ነው" አልኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ እያደር ከበደኝ።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ በተሰበረ ወንበራቸው ምትክ ያዘዙትን ሊወስዱ መጡ። ቀለሙን ለማመሳሰል ከድሮዎቹ አንዱን አሸክመው ነበር። ለአዲሱ ጎማውን ገና አልለጠፍኩለትም ነበር። ወንድሜ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያቆማቸው አዲሱ አጥሮ ታየ። የድሮውን በስንዝሩ ለካው፤ ከሁለት ስንዝር ሌላ አራት ጣት ተረፈ፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን ሁለት ጣት ነው። ጣቶቹን በግድ ዘርግቶ ደገመው፤ ሦስት ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር እጁ አልከፈት አለው።

"ግድ የለም ልጄ፣ ለልጅ ልጄ ይሆናል" አሉ አስተማሪዋ።

ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረ። "እነዚያ ጎማዎች ለወለሉ አልነበሩም?"

"አልነበሩም ጋሼ።"

"ስንቶቹ ላይ ነው?"

"ከታመምክ ወዲህ የሠራሃቸው ሁሉ ላይ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሥራህን ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። ሰኞ ጠዋት ማገዶ ሻጩን ጠራና ለወንበር ብሎ ስምንት ዓመት በጥላ ያደረቀውን ሳንቃ እያነሳ አሸከመው።