የማንም ያልነበረው መሬት

ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ባየሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ልጅ ሆኜ፣ ከላሊበላ በላይ ባለው ሰፈራችን፣ በገደሉና በጓሳው ሣር ሜዳ መካከል ማንም የማያርሰው ቀጭን መሬት ነበር። የጭላዳ መውጫ እንለዋለን። ገደሉ ውስጥ የሚያድሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጠዋት በዚያ ወጥተው ሣር ይግጣሉ፣ ሲመሽ በዚያው ይመለሳሉ። ግራ ቀኙ ገብስ ነው፤ መንገዳቸው ክፍት እስከሆነ ድረስ ግን እምብዛም አይነኩትም ነበር።

ትምህርት ቤት ስንሄድ አልፈው እስኪያልቁ ቆመን እንጠብቃለን። እናቶቻቸው ጀርባ ላይ የተለጠፉትን ግልገሎች እናያለን፣ ጤዛ የነካው ጦስኝ ያውደናል። አርፍደን ስንደርስ መምህራችን "ጭላዳ ነው ወይ?" ይሉናል፤ አዎ ካልን አይቀጡንም። እውነቱን ለመናገር፣ ሳያልፉም አልፈዋል ብለን እናውቃለን።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መሬት ለኪዎች ቀይ ችካላቸውን ይዘው መጡ። ለሎጅ የሚሆን ቦታ ፍለጋ ነው። የአባቴ ማሳ ከመውጫው ጋር ይዋሰናል፤ ጎረቤት አንድ ትልም ወደ መውጫው ቢገፋ ሽማግሌ ሰብስበው ያስመለሱ ሰው ናቸው። ሜትር የያዘው ሰውዬ መሬቱ የማን እንደሆነ ጠየቃቸው።

"የማንም አይደለም፣ ጌታው" አሉ፣ በኩራት።

ሰውየው ባዶ መሬት ብሎ ጻፈ። አባቴ ስለ ጭላዳዎቹ ሊያስረዱት ቢከተሉት "ጨርሰናል፣ አባት" ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አለቆቹም ቦታውን ሳያዩ ፈርመው ፈቀዱ። ሽቦ ታጠረ፣ ውሻ ታሰረ።

በመጀመሪያው ጠዋት ጭላዳዎቹ አጥሩ ሥር ተሰብስበው ቆዩና ወደ ገብሳችን ዞሩ። የዓመት ቀለባችን ነበር። አባቴ ወንጭፍ አነሱ። እኔም በቀሚሴ ድንጋይ ይዤ ወረወርኩ፤ ግልገል ያዘለችውን መታሁ። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ያንን ፊርማ የፈረሙት ግን የሚቆጫቸው አይመስለኝም።

ዛሬ የሰፈራችን ልጆች በጭላዳ ምክንያት አያረፍዱም። የተረፉት ጥቂት ጭላዳዎች ከሎጁ በታች ባለች ጠባብ መተላለፊያ ይወጣሉ። በቅርቡ ሎጁን ለማስፋት ሌሎች ለኪዎች መጥተው ያቺ መሬት የማን እንደሆነች ጠየቁ። ዕድሜ ልካቸውን ዋሽተው የማያውቁት አባቴ፣ መሃሏ ላይ ተቀምጠው "የኔ ናት" አሉ።

እርጅናቸው ላይ ውሸት አስተማሯቸው።