ለሐይቁ ጀርባ የሰጠ ወንበር

በግቢው ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «የደልጊው አባባ» ይላቸዋል። ኩላሊታቸውን ታመው ከሐይቁ ማዶ ካለችው ደልጊ ለሕክምና ባሕር ዳር ከመጡ ወዲህ፣ ጣና ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ።

ጎረቤታቸው መዲና በረንዳዋን ስትጠርግ ጠዋት ጠዋት ታያቸዋለች። የሸሚዛቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስበው፣ ዕድሜ ልካቸውን ታንኳ በቀዘፉበት ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ይጠመጥማሉ። አምስት ደቂቃ ያህል ጸጥ ብለው ይቀመጡና ይለካሉ፤ ከዚያ ቁጥሩን አንዲት የተጨማደደች ደብተር ላይ ተጠንቅቀው ይጽፋሉ። መዲናን የሚገርማት ወንበራቸው ነው። ያ ሁሉ ውኃ ከደጃቸው ተንጣሎ ሳለ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ከጭቃ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣሉ።

ዛሬ አላስቻላትም። ጽፈው እስኪጨርሱ ጠበቀችና፣ «አባባ፣ ሐይቁ ምን አደረገዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«እሱን እያየሁ ስለካ ግፊቴ ይወጣል፣ ልጄ» አሉ። «ሐኪሙ ደግሞ ‹ወር ሙሉ ሳይጨምር ከሰነበተ አገርዎን አይተው ይመለሳሉ› ብሎኛል።»

«ታዲያ ስንት ቀን ቀረዎት?»

ሽማግሌው ደብተራቸውን አገላበጡ።

«ትናንት ሁለት ቀርቶኝ ነበር። ስለካ የደልጊዋ ጀልባ ከኋላዬ ጡሩምባዋን ነፋች። አልዞርሁም፤ ቁጥሩ ግን ወጣ። ዛሬ እንደገና አንድ ብዬ ጀመርሁ።»

ይህን ብለው መለኪያውን ከክንዳቸው ፈቱ፤ የዛሬው ልኬት አብቅቷልና ወንበራቸውን ወደ ጣና አዞሩ።