ከባሱንዳ እስከ ገዳሪፍ ሳልወርድ

ሆዴ ያመፀብኝ ሞባይል ስልክ ገና የሀብታም መታያ በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ በምሥራቅ ሱዳን ከባሱንዳ እርሻዎች ወደ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ የሚያመላልስ ሎሪ እነዳ ነበር። ጠዋት ደህና ሆኜ እነሣለሁ፤ መንገድ ስገባ ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል። ሎሪውን ዳር አስይዤ ማሽላው ውስጥ እሮጣለሁ። ጭነቱ ላይ የተሳፈሩት የቀን ሠራተኞች ይሳሳቁብኛል፤ ንዴቱ ከቁርጠቱ ይብስብኝ ነበር።

የሎሪው ባለቤት ሱዳናዊ ነው፤ ደግ ሰው፣ በሰሊጥ ወቅት ግን ደግነቱን ቤቱ ትቶ ይመጣል። አንድ ቀን፣ «ያ ሰዋግ፣ አንተ ሾፌር፣ ሆድህን ካላስተካከልክ ለሚመጣው ወቅት ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔ ከመንዳት በቀር የማውቀው ሥራ የለኝም። አጨዳ ልግባ ብል ወገቤም ኩራቴም እሺ አይሉኝም።

በእኛ ሰፈር በሽተኛ የሚጠየቀው መድኃኒት ተይዞ ነው። የመጣውን ሳይጠጡ ጠያቂን መሸኘት ነውር ነው። ከጎንደር አብራን የተሰደደች ጎረቤታችን፣ «ኮሶ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» ብላ ኮሶ በጠበጠችልኝ። ትግርኛ ተናጋሪው ልብስ ሰፊ አብሽ ይዞ መጣ። ከማዶ ያሉት ሱዳናዊት ሐጃ የግራር ፍሬ ዘፍዝፈው ላኩልኝ። ቄሱ ጸበል፣ ሼኩ ደግሞ የቁርአን ቃል የተጻፈበት ሰሌዳ የታጠበበትን ውሃ ሰጡኝ፤ አንዳቸው እንዳይቀየሙ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጨለጥኩ። ጥቂት ሲሻለኝ ሁሉም «ያዳነህ የኔ ነው» ይላል፤ ሲብስብኝ ጥፋቱ የሌላው ይሆናል። ኮሶውን ደጋግሜ ጠጥቼ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተኝ ሚስቴ ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቃ ደፋችው።

«ሆድህ ገበያ ነው እንዴ፣ የመጣው ሁሉ የሚራገፍበት?» አለችና እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ አስመረመረኝ፤ ትልም አሜባም አልተገኘም። «ቆሎን የሚሉት ነው» አለ፤ ግማሹ ሱዳን የሚያማርርበት፣ አንጀት ሳይቆስል የሚቆጣበት ሕመም። የጠጣሁትን ሁሉ ስዘረዝርለት ይስቅብኛል ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም። ትል ለሌለበት ሰው ኮሶ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም አለ። እንደ እሱ አባባል፣ ስለሌሎቹ ብዙም የተጣራ ነገር የለም፤ የናና ዘይት ግን በበሽተኞች ላይ ተሞክሮ ሁሉንም ባይሆን አንዳንዶቹን ረድቷል። ደግሞ በዚህ ሕመም «ይሽለኛል» ብሎ ማመን ብቻውን ለጊዜው ያሽላል፤ ስለዚህ ሰሞኑን ደህና ሆንኩ ማለት ማስረጃ አይሆንም። «አንዱን ብቻ ሞክር፤ ጊዜም ስጠው» ብሎ አሰናበተን።

ሚስቴ ይህችን ቃል አጥብቃ ያዘቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠያቂን የምትቀበለው በር ላይ ቆማ ሆነ። ሐጃዋ ማሰሮአቸውን ይዘው ሲመጡ፣ «እናቴ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ የእርስዎ ተራ ሲደርስ እንሞክረዋለን» አለቻቸው። ሴትየዋ አኩርፈው ተመለሱ። እኔም ጮህኩባት።

«ከሰው አጣላሽኝ!»

«ከሰው ብትጣላ ትታረቃለህ። የሎሪህን መሪ ካጣህስ?» አለችኝ።

የናና ዘይቱን እንክብል በጓደኛዬ ሎሪ ከካርቱም አስመጣን። እሱን ብቻ እየዋጥኩ ክረምቱ ገባ፤ ሆዴም ቀስ በቀስ ረገበ። ዳንኩ ብዬ ስፎክር ሚስቴ እንክብሉን ደበቀችው። «በክረምት ሥራ የለህም፣ ጭንቀት የለብህም፤ የሻለህ ለዚያ ሊሆን ይችላል። እስቲ ተወውና እንየው» አለች። ምን ዓይነት ሴት ናት! ብዙም ሳይቆይ ያ የማውቀው ቁርጠት መጣ፤ እየረገምኳት ሽንት ቤት ተመላለስኩ። እንክብሉን ስትመልስልኝ እንደገና ለቀቀኝ። ያኔ እሷም አመነች፤ ለሌላው ሰው ሆድ ግን ዋስ አልሆንም አለች። ልብስ ሰፊው ሆዱን ሲያመው እንኳ ሐኪም ጠይቅ ብላ መለሰችው።

ሰሊጥ ደረሰ። ባለቤቱ ስላላመነኝ ሌላ ሾፌር ከጎኔ አስቀመጠ፤ እኔ ማሽላ ውስጥ ስገባ ሎሪውን ይዞ እንዲሄድ ነው። ከባሱንዳ ስንነሣ ሠራተኞቹ ጭነቱ ላይ ሆነው የት እንደምወርድ ሲከራከሩ ይሰማኛል። ቀድሞ የምቆምባቸውን ቦታዎች ሁሉ አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ሆዴ ጭጭ። የገዳሪፍ ትልቁ የእህል ጎተራ ከሩቅ ሲታየኝ እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

ይኼኔ ከላይ የሎሪው ጣሪያ ተደበደበ። «ያ ሰዋግ! ኧረ በአላህ አቁምልን፣ ሽንታችን ሊያመልጠን ነው!»

አቆምኩላቸው። እየተሯሯጡ ማሽላው ውስጥ ገቡ፤ ተጠባባቂው ሾፌርም ተከተላቸው። ሎሪው ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። መሪዬን ጨብጬ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ክላክሱን አቀለጥኩት።